ዘሃራን ሻማ አታድርጓት

ዘሃራ ሞተች ሲሉኝ «የትኛዋ ዘሃራ?» አልኩ። ትናንት ከሰዓት አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ላይ ከባጃጅ አንገቷን አውጥታ «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን እያረምክ ነው?» ብላ ስቃብኝ አልፋለች። ዛሬ ንጋት ላይ አረፈች አሉኝ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ስልኬን ስከፍት፣ በፈቃደኝነት ታገለግልበት የነበረው የጤና በጎ አድራጎት ድርጅት የለጠፈውን አነበብኩ። «እንደ ሻማ ቀልጣ ለሌሎች አበራች፤ ለራሷ ምንም አላተረፈችም» ይላል። ግርጌው ላይ ደግሞ፣ ዳሚ ሰፈር የሚኖሩ ስደተኛ ኢትዮጵያውያን ሕሙማንን ማክሰኞ ማክሰኞ በአማርኛ መጎብኘቱ «ተተኪ ስለሌላት» ቀርቷል ይላል።

ጡረታ ብወጣም ስህተት አይቼ አላልፍም። ዘሃራ አልቀለጠችም።

የቀለጠችስ ባሏ የሞተ ጊዜ ነው። ድሬዳዋ ያደገች ጨዋታ ወዳድ፣ ከእኛ ከጎረቤቶቿ ጋር እንኳ መነጋገር አቁማ ቤቷን ዘግታ ተቀምጣ ነበር። ዳሚ መመላለስ ስትጀምር እንቅልፏ ተመለሰ። ደም ግፊት እንዳለባት ያወቀችው በበጎ ፈቃደኞች ሥልጠና ላይ ለመለማመጃ ሲለኳት ነው። ለሚያመሰግኗት ሁሉ «እኔ የምመጣው ለራሴ ነው» ትል ነበር። ትሕትና አልነበረም፤ እውነቷን ነው።

አንድ ጊዜ አብሬያት ሄድኩ። አንድ የግንባታ ሠራተኛ ፍልሰታ ገባ ብሎ የስኳር ኪኒኑን ትቷል።

«እትዬ፣ አንቺ እስላም ነሽ፤ ስለ ጾማችን ምን አገባሽ?» አላት።

«ስኳሩ ሃይማኖትህን መች ጠየቀህ? እንካ ስልኬን፤ አገር ቤት ለንስሐ አባትህ ደውል።»

ደወለ። የቄሱ ቁጣ ለእኛም ተሰማን፤ «ጹም ያልኩህ ሙት ብዬ ነው?» ሰውዬው እያየነው ኪኒኑን ዋጠ። ዘሃራ የቄሱን ድምፅ እያስመሰለች መንገዱን ሙሉ ሳቀች።

ይህን ነው መሥዋዕትነት የምትሉት? ዛሬ ከእሷ ጋር የተነሣችሁትን ፎቶ የምትለጥፉ የድርጅቱ የቢሮ ሰዎች፣ አንዳችሁም ዳሚ ረግጣችሁ እንደማታውቁ ራሷ ነግራኛለች። ሻማ ያደረጋችኋት፣ ሻማው አለቀ ብላችሁ ወንበራችሁ ላይ ለመቀመጥ ነው። ለመሆኑ «ተተኪ የለም» ያላችሁት ማንን ጠይቃችሁ ነው?

ማክሰኞ ዳሚ እሄዳለሁ። ፎቶ አንሺ እንዳትልኩብኝ።

ዘሃራ፣ አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። የምሄደው ተናድጄ ነው እንጂ ደግ ሆኜ አይደለም፤ ሌላው ባያምነኝ አንቺ ታምኚኛለሽ። ደህና ሁኚ፣ ጎረቤቴ።