ማበጠሪያ የነከሰው ሬዲዮ

ሰፈርተኛው ፀጉር አስተካካዩን «ሬዲዮ» ይለዋል። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ወሬው ይከፈታል። «ልዩነታችን» ይላል ራሱ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመው፣ «ሬዲዮ መዝጊያ አለው።»

ይህ ሰው ታዲያ ወንጀል የደረሰባቸውን የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች በሚሠለጥኑበት ቦታ ተመዘገበ። ምክንያቱ ታላቅ እህቱ ናት። ጫማ መሸጫዋ ውስጥ ሁለት ሰዎች ገብተው ከዘረፏት ወዲህ ሱቁ እንደተቆለፈ ነው። ስትጠየቅ «ደህና ነኝ» ብላ ወሬ ታስቀይራለች።

አሠልጣኟ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሕጓ አጭር ነው፦ ስሙ፣ አትምከሩ፣ «ለምን» አትበሉ። ለልምምድ እሷ ራሷ የተዘረፈች ሴት ሆና ፊቱ ተቀመጠች። ሬዲዮ ገና አፏን ስትከፍት በየት በኩል መሄድ እንደነበረባት፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚሻል፣ የአጎቱ ልጅም እንዴት እንደተዘረፈ አወራላት።

«ወንድሜ» አለችው፣ «ሌባውስ ቶሎ ተወኝ፤ አንተ ግን አልለቅ አልከኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው እሱ ነው፤ ሳቁ ግን ቤቱ ድረስ አልተከተለውም።

ቅዳሜ እህቱ ፀጉሯን ጫፍ ጫፉን ልትቆረጥ መጣች። በአንድ እጁ መቀስ፣ በሌላው ፀጉሯን ይዞ፣ ማበጠሪያውን እንደ ልማዱ በጥርሱ ያዘ። በመስታወቱ አየችውና ድንገት «አልጮህኩም እኮ» አለች።

ምክሩ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ማበጠሪያውን ነከሰ።

«ልዘጋ ስል መጡ። ራሴ ነኝ የከፈትኩላቸው። አርባ ቁጥር ሲሉኝ ጎንበስ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ፣ እንደ ሞኝ። አሁን በር ሲንኳኳ መብራት አጠፋለሁ።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም» የሚለው ጥያቄ መንጋጋውን ሊያወልቀው ደረሰ። ምራቁ በአገጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። እሷ አለቀሰች፣ ተናፈጠች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። አንዱን ጎን ከሌላው አሳጥሮ መቁረጡን ያየው በኋላ ነው።

ስትጨርስ ማበጠሪያውን ከአፉ አወጣ።

«እየሰማሁሽ ነው፣ እትዬ።»

ለእሱ ይህ ጾም ነው። እህቱ ዓይኗን ጠረገች።

«ሰኞ ልከፍት አስቤያለሁ። አጠገቤ ትቆማለህ?»

«እቆማለሁ እንጂ። ግን መጀመሪያ ያንን የበሩን ቁልፍ...»

«ማበጠሪያህን ይዘህ ና» አለችው።