የመቶኛው ቀን መጽሐፍ

የማተሚያ ቤታችን ባለቤት ሳቬት ሰው አትሳደብም፤ ጥርስ የነከሰችበትን ግን አትለቅም። በከተማችን በባታምባንግ ስለ ሕዝባችን ስለ ክመር ታሪክና ስለ ቡድሃ እምነት የሚጻፍ ጥናት ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ባሏ መምህር ኑን ሆርን ዕድሜውን የጨረሰው ከአንዱ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው፣ ከፓጎዳ ፓጎዳ እየዞረ፣ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፈውን እያነበበ፣ የክመርን የለቅሶ ሥርዓት ታሪክ ሲጽፍ ነው። ጽፎ እንደጨረሰ ሞተ።

በለቅሶው ላይ ተማሪው ቫናሪት፣ «አክስቴ፣ እርማቱን እኔ ልጨርስለት» ብሎ ረቂቁን ወሰደ። መጽሐፉ ዋና ከተማው ፕኖም ፔን ታተመ፤ በቫናሪት ስም! ዶክተር አሰኘው፣ ሹመትም አመጣለት። የሆርን ስም ምስጋናው ውስጥ እንኳ የለም። ሌባ! ሳቬት ሆድ ይፍጀው አለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዘንድሮ የቫናሪት እናት እዚሁ ባታምባንግ አረፉ። በመቶኛው ቀን መታሰቢያቸው እንደ ወጉ መጽሐፍ አሳትሞ ለመነኮሳት ማቅረብ፣ ከዚያም ለእንግዳ ማደል ነበረበት። ዓይኑን በጨው አጥቦ እኛ ዘንድ መጣ።

«አክስቴ፣ ያንን መጽሐፌን አትሚልኝ፤ የእናቴ ፎቶ ከፊት ይግባ። የድሮውን ረስተነዋል፣ አይደል?»

«የቱን ድሮ? እኔ አርጅቻለሁ ልጄ። አንተ በሐዘንህ ላይ አትንከራተት፤ ጠቅልዬ ፓጎዳው ድረስ ራሴ አደርስልሃለሁ።»

ሳይታተም ልየው እንኳ አላለም። ሲወጣ ፊቷን አየሁት፤ ፈገግ ብላለች። እኔ ፈራሁ።

በዕለቱ መጻሕፍቱ በቢጫ ጨርቅ እንደተጠቀለሉ ከመነኮሳቱ ፊት ተቆለሉ። ቫናሪት ተንበርክኮ አቀረበ፤ መነኮሳቱም ጸሎት አድርሰው ተቀበሉ። ሥርዓቱን የሚመራው ሽማግሌ አንዱን ፈትቶ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ለእናታችን መታሰቢያ። ደራሲው መምህር ኑን ሆርን።»

ቫናሪት ብድግ አለ።

«ስህተት ነው! መልሱልኝ፣ አሁኑኑ ይቃጠል!»

«ለመነኮሳት የተሰጠ ይመለሳል እንዴ?» አሉ አለቃው መነኩሴ። «ለእናትህ ነፍስ የደረሰውን ጽድቅ ልትነጥቃቸው ነው? ተቀመጥ! በል፣ ለእንግዶችህ አድል።»

ማደሉ የሟች ልጅ ሥራ ነው። ከዋና ከተማው የመጡት ባልደረቦቹ ተራ በተራ ከእጁ ወሰዱ፤ ሽፋኑን እያነበቡ ቀና ብለው አዩት። መነኮሳቱ ቂም ኃጢአት ነው ይላሉ። ይሁን፤ እኔ ግን አንጀቴ ራሰ።

ሳቬትም ተሰልፋ ፊቱ ደረሰች።

«አክስቴ፣ ለእናቴ ስትይ እንኳ ብትተዪኝ ምናለ?» አላት በሹክሹክታ።

«እናትህን ምን አደረግኋቸው? ፎቷቸውን በጥሩ ወረቀት ነው ያተምኩት።» መጽሐፉን ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገች። «ይልቅ ሰው አታስቁም፤ ገና አንድ መኪና ሙሉ መጽሐፍ ውጭ ቆሟል።»