አትጠጣም ያልኳት ፒካፕ

መኪናዬን የገዛሁ ሰሞን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስለ ናፍጣ ያላወራሁት ሰው ካለ፣ ያኔ ከተማ ያልነበረ ሰው ነው። ከአንድ ድርጅት በጨረታ የወጣች፣ ባለ ሁለት ጋቢና፣ ሞተሯ ትልቅ፣ ጎማዋ የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ፒካፕ ናት። ደላላው ሊሸጥልኝ ሲል ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ “በሊትር አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች” አለኝ። ደላላ ያለውን እንዳለ የተቀበልኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ቁጥሯ ደስ አለችኝ። ሰውዬው ገንዘቡን እንደተቀበለ ረስቷታል፤ እኔ ግን በየሄድኩበት ተሸክሜያት ዞርኩ።

“ይህቺን የምታህል መኪና ናፍጣ አትጨርስም ወይ?” ይሉኛል።

“ኧረ አትጠጣም። አሥራ ሁለት በሊትር” እላለሁ። “አትጠጣም” ስል ስለ አንድ ጻድቅ መነኩሴ የምመሰክር ይመስል ድምፄ ዝቅ ይላል።

ባለቤቴ አንድ ቀን ሰምታኝ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ከቤትህ ይልቅ ማደያ ሰልፍ ላይ ነው የምትውለው። እሷ ካልጠጣች ናፍጣውን ማን ነው የሚጨርሰው?” አለችኝ። ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች አልኩ በሆዴ። ጮክ ብዬ አላልኩትም እንጂ፣ ብዬው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ስትጠቅሰው እኖር ነበር።

አንድ ጊዜ እንኳ ልለካት ብዬ ወደ አምበር ሄጃለሁ። ባዶዋን፣ መስኮቷን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ ቁልቁለት ባገኘሁ ቁጥር ማርሹን ፎሌ ላይ ጥዬ በራሷ እንድትንሸራተት እየለቀቅኋት ነው የነዳሁት። ከኋላዬ የተደረደሩት ሚኒባሶች ጡሩምባ ሲነፉብኝ አንድ ጋሪ አልፎኝ ሄደ፤ ባለ ጋሪው ዘወር ብሎ ሰላም አለኝ። እንደዚያም ሆኖ አሥራ አንድ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። አሥራ ሁለት ብዬ ዘጋሁት። ስመለስ አልለካሁም፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሆነ ግፍ ነው ብዬ።

አሁን ለሚጠይቀኝ ሰው እውነቱን ነው የምናገረው። እንዲህ ያለች ከባድ የናፍጣ ፒካፕ ባዶዋን፣ አስፋልት ላይ፣ ቀስ ብለው ከነዷት በሊትር ዘጠኝ ከሰጠች ተመስገን ነው። ሰው ጭነው ኮረኮንች ሲገቡ ሰባት ይበሉ። ዳገት ከጨመሩበት ስድስትም ላትሞላ ትችላለች። ሞተሩን አስነሥተው ቆመው ካወሩ ደግሞ ናፍጣው ይሄዳል፣ እርስዎ እዚያው ነዎት። ይህን ሁሉ የተማርኩት በልጄ ሠርግ ቀን ነው፤ ትምህርቱም ያስከፈለኝ ናፍጣ ብቻ አልነበረም።

ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው፣ ዲያቆን ነው። እኔ በልጅነቴ ዳዊት መድገም አቅቶኝ ከቄስ ትምህርት ቤት የኮበለልኩ ሰው ነኝ፤ እሱ እኔ ሮጬ ከወጣሁበት በር ገብቶ እስከ መቅደስ ደረሰ። ዲያቆን ደግሞ የሚያገባው በተክሊል ነው። ሙሽራውና ሙሽራይቱ አክሊል ይደፋላቸዋል፣ ቅዳሴ አስቀድሰው አብረው ይቆርባሉ። ከዚህ ዓለም ምን ትፈልጋለህ ብትሉኝ፣ ያን አክሊል ልጄ ራስ ላይ ሲያርፍ ቆሜ ማየት ነበር። ለሌላ ነገር እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ሙሽራይቱ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናት። ተክሊሉ የሚፈጸመው ልጄ በሚያገለግልበት ደብር፣ እዚሁ ማርቆስ ነው። ቀኑ የቅበላ እሑድ ሆነ፤ በማግስቱ ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሙሽራይቱ ቅዳሴ ሳይገባ ካልደረሰች ተክሊል የለም፣ ተክሊል ከሌለ ደግሞ እስከ ፋሲካ ማዶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሰው ሁሉ “ደህና ሚኒባስ ተከራይ” አለኝ። ፒካፕ በደጄ ቆማ! ልጄ ነገር መጠየቅ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ቅዳሜ ልነሣ ስል ግን የመኪናዋን መስኮት ይዞ፣ “አባባ፣ ቅዳሴ ሳይገባ ብቻ ይድረሱልኝ” አለኝ።

“መኪናዋ እያለች?” አልኩት።

የነዳጅ መለኪያዋ ግማሽ ላይ ተቸንክሮ የቀረ ነው፤ ሞልታም ባዶ ሆናም ግማሽ ናት። ስለዚህ የምሄደው በጭንቅላት ሒሳብ ነበር። በአሥራ ሁለቷ ብመታው ደብረ ኤልያስ ደርሼ ተመልሼ፣ ትርፉ ለመልሱ ድግስም ይበቃል። ሒሳቡ አንዳች ስሕተት አልነበረውም፤ የተሳሳተችው አሥራ ሁለቷ ብቻ ናት።

እዚያው አድሬ፣ እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ልንነሣ ስንል የሙሽራይቱ አባት ጀሪካን ይዞ መጣ። የናፍጣ ወፍጮ ያለው፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። “አማቼ፣ ከወፍጮው ቀንሼ ያስቀመጥኩት ናፍጣ አለ። ልጨምርልዎት?” አለኝ።

እንግዲህ እኔ ተቀጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። የቀረበለትን ገና ሲጠሩት የሚቀበል ሰው እኛ ዘንድ ስሙ አያምርም። “ጠግቤያለሁ” ይባላል። ጋባዡ “በሞቴ” ይላል። “ኧረ በቃኝ” ይባላል። “አፈር ስሆን” ሲመጣ ነው እጅ የሚዘረጋው። ናፍጣም ቢሆን ያው ነው መሰለኝ።

“ኧረ አያስፈልግም። አትጠጣም እኮ” አልኩና በሞቴን ጠበቅሁ።

ሰውዬው ግን ከሽምግልናው ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለቷን ስሰብከው የከረምኩት ሰው ነው። “እውነትዎን ነው፣ ነግረውኛል” ብሎ ጀሪካኑን ይዞ ተመለሰ። ጀሪካኑን እስከ ወፍጮ ቤቱ በር ድረስ በዓይኔ ሸኘሁት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል።

ቀጥሎ ጭነቱ መጣ። ሙሽራይቱና ወላጆቿ ጋቢና ገቡ። ከኋላ የሙሽራይቱ ሳጥን፣ ፍራሽ፣ ጠላ የሞላ ጋን፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ ሙክት፣ ከዚያ አጃቢው ከላይ በላይ። “ይከብዳት ይሆን?” ብሎ የጠየቀኝም ነበር፤ “ትችላለች” አልኩ። ባትሪዋ ደካማ ስለሆነች ሞተሩን አስነሥቼ ሳበቃ ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ተነሡ። አንዱ መርቆ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ውለዱ ክበዱ፣ አፈር ያርግላችሁ ድንጋዩን፣ እያለ ይወርዳል። እኔ አሜን እላለሁ፣ ሞተሩ ከሥር ዱር ዱር እያለ ይጠጣል። ሽማግሌን ምርቃት ያሳጥሩልኝ የሚል ሰው እስካሁን አልተወለደም። ሞተሩን ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ግን ካጠፋኋት በኋላ ግፉልኝ ማለት ሊመጣ ነው፣ ያቺን የመሰለች መኪና ደግሞ በሠርገኛ ፊት አትገፋም።

መንገድ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምንጓዘው። አጃቢው ይዘፍናል፣ ሙክቱ ይጮኻል። ሰማዩ መቅላት ሲጀምር ባለቤቴ ደወለች።

“የት ደረሳችሁ?”

“እየገባን ነው” አልኳት። ከፊታችን ገና ትልቁ ዳገት ነበር።

የዳገቱ እኩሌታ ላይ አንዴ ሳል አለቻት። ሁለተኛ ሳለች። ከዚያ ዝም። የእጅ ፍሬኗ ስለማይይዝ ወንዶቹ ዘለው ወርደው ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወተፉ።

“አባባ፣ ምን ሆነች?” አለች ሙሽራይቱ።

“ትንሽ ትንፋሽ ልትወስድ ነው።”

“ጠምቷት እንዳይሆን” አለች። ስታሾፍብኝ ነው ብዬ በመስተዋቱ አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ማርቆስ ማዶ ላይ ትታያለች፣ ደወል ቢመታ የሚሰማ ይመስላል። ልጄ ነጭ ለብሶ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን እያየ ነው። እኔ የአንድ ደላላ ቃል ይዤ የሰው ልጅ ዳገት ላይ አስቀምጫለሁ። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

እግዜር ሲጣላ ሳይደግስ አይጣላም፤ ከኋላችን በቆሎ የጫነ መኪና እያቃሰተ መጣ። ሾፌሩ ሙሽራ መሆኗን ሲያይ ቆመ። ሙሽራይቱንና እናቷን ጋቢና አስገባን። አጃቢው ዘወር ሳልል ጆንያው ላይ ወጥቶ አልቋል። የቀረነው ሁለታችን አባቶች ነን። ፍሬን የሌላትን መኪና ዕቃ እንደ ጫነች ትቶ መሄድ አይቻልም፣ አንዳችን መቅረት አለብን።

የሙሽራይቱ አባት፣ “መኪናዋን እኔ ልጠብቃት። እርስዎ ይሂዱ፤ የልጅዎ ቀን ነው” አለኝ።

ልቤ “እሺ” ብሎ እዚያው ጆንያው ላይ ወጥቷል። አፌ ግን ምን አለ? “ኧረ ተዉ፣ የሙሽራይቱ አባት ሳይኖር እንዴት ይሆናል? እርስዎ ይሂዱ” አለ። አንድ “በሞቴ” ብቻ ነበር የምፈልገው። አንዲት በሞቴ።

“እግዜር ይስጥልኝ” አለና ወጣ። ክፋት የለበትም፤ ሰው የተናገረውን የሚያምን ሰው ነው። መኪናው አቧራውን አልብሶኝ ሄደ።

እኔና ሙክቱ ቀረን። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በሊትር ስንት እንደሄደች በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት ከምናምን መጣ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ እውነተኛውን ቁጥር ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር፣ የሚሰማኝ ግን ሙክቱ ብቻ ነው። የሚያልፈው ገበሬ ሁሉ፣ “ምነው ጌታው፣ ተበላሸች?” ይላል። “ናፍጣ አልቆባት ነው” ማለት ሞት ሆነብኝና ለመጀመሪያዎቹ “ሞተሯ ግላ ነው” አልኳቸው። ኋላ ላይ መዋሸቱም ሰለቸኝ።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ አሁን አክሊሉን ይደፉለታል ብዬ ገመትኩ። ተነሣሁ። ባርኔጣዬን አወለቅሁና ወደ ማርቆስ ዞሬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ፤ እሷ እንኳ አልጠፋችኝም። ከዚያ አለቀስኩ። የሚያየኝ ስለሌለ ሳልጠርግ አለቀስኩ። ከጭነቱ ያወረድኩት ሙክት የጎማዬን ዳር ሣር ይነጫል።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ድግስ ላይ ነው ስል አንዲት ባጃጅ ዳገቱን ተያይዛ መጣች። ልጄ ካባውን እንደ ደረበ ከውስጧ ወጣ። ሙሽራይቱም ተከተለችው፣ ነጭ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ። የወላጅ ጉልበት ሳንስም አንቀመጥም ብለው ድግሱን ትተው ነው የመጡት። በእግሩ መካከል ይዞት የመጣው ጀሪካን ነው፤ የደብሩ አለቃ ከጄኔሬተሩ አስቀድተው ሰጥተውታል።

“ናፍጣ አምጥተናል፣ አባባ” አለኝ።

ምን ማለት እንደ ነበረብኝ አሁን አውቃለሁ። ልጄ፣ ተጠምቼ ነበር፣ እግዜር ይስጥህ ማለት ነበረብኝ። የወጣኝ ግን፣ “ምን አስቸገራችሁ፣ አያስፈልግም ነበር” ነው።

ሙሽራይቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጄ በሞቴም አፈር ስሆንም አላለኝም። አቧራው ላይ ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ፣ ተነሣ፣ ካባውን ወደ ትከሻው ጣለና የታንኩን ክዳን ከፍቶ ጀሪካኑን ገለበጠው።