ሳይከፈት የተመረመረው የክብሪት ቀፎ

ነገሩ የሆነው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ገደማ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ምራቄን እተፋለሁ።

ባለቤቴን ሆዷን እየቆረጠ ከእህል ለያት። በገበያ ቀን በበቅሎ ቁይ ከተማ አውርጄ ከአንድ የግል ክሊኒክ አስገባኋት። ሐኪሙ አያትና ሰገራ አምጡ አለ። ባለቤቴ ቁጥብ ሴት ናት፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እንዲህ ያለው ነገር ለእሷ ሞት ነው። ከአጥሩ ኋላ በጋቢዬ ጋረድሁላት። እያለቀሰች እንደምንም ሰጠችኝ።

በክብሪት ቀፎ አድርጌ በፌስታል ጠቀለልሁት። ከጋቢዬ ጫፍ ፈትል መዝዤ ጥብቅ አድርጌ አሰርሁና ለላብራቶሪው ልጅ በመስኮት አቀበልሁት።

ብዙም ሳይቆይ አሜባ ነው ተባለና እዚያው የሚሸጥ ብዙ መድኃኒት ታዘዘ። እጄን የምታጠብበት ውሃ ልለምን ወደ ላብራቶሪው ብዘልቅ፣ ፌስታሌ ከቆሻሻው ባልዲ ውስጥ ተጥሏል። ፈትሉ እንዳሰርሁት ነው።

«ልጄ፣ ይኸን በምን አየኸው?» አልሁት።

«አባባ፣ ዛሬ ገበያ ነው፤ ሁሉን ልይ ብል ይመሻል» አለኝ። «ደግሞ ደመወዜ የሚታሰበው በሚሸጠው መድኃኒት ልክ ነው። ሰዉን ሁሉ ጤነኛ ነው ብዬ ብሰድ ምን እበላለሁ?»

ወዲያው የክሊኒኩ ጌታ በበሩ ብቅ ብሎ «እህሳ፣ ዛሬ ስንት አገኘህልኝ?» አለው። አጠያየቁ የበግ ነጋዴ ነው።

ቁጣ አልችልበትም። ፌስታሉን ከባልዲው አንስቼ ከጠረጴዛው አኖርሁት።

«እንግዲያው አሁን እየው። እኔ አልቸኩልም» ብዬ ከበርጩማው ተቀመጥሁ።

በሽተኞቹ በመስኮት ያዩ ነበርና ልጁ አማራጭ አጣ፤ ፈታው። ከማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ አየ። ደግሞ አየ።

«አሜባ የለባቸውም» አለ ቀስ ብሎ። «ወስፋት ነው። ሞልቷል።»

«የኔንስ አይተኸዋል?» አለች አንዲት ሴት በመስኮት።

ልጁ የውጤቱን ወረቀት ቀይሮ ጻፈልኝ። ስወጣ «አይቀየሙኝ አባባ» ብሎ እጁን ዘረጋ። የተዘረጋልኝን እጅ ሳልጨብጥ ቀርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እጄን ከጋቢዬ ውስጥ አላወጣሁም።

ባለቤቴ የወስፋቱን መድኃኒት ወስዳ ዳነች፤ ተመስገን። ልጁንም ረግሜው አላውቅም፤ ክፉ ጌታ ገጥሞት ይሆናል። ብቻ ሚስቴ ያን ያህል ተሳቅቃ የሰጠችውን ነገር እንኳ ሳይፈታ መወርወሩን ሳስብ፣ እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።