አባቴን ያለፈው ጽዋ

ባለፈው ሚካኤል የማኅበሩ ተረኛ ጎረቤቴ ስለነበረ፣ ጉልበቴ እንቢ ቢለኝም ዱላዬን ይዤ ሄድኩ። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 ሰፈር ውስጥ በእኔ ዕድሜ የቀረ ሰው ስለሌለ የክብር ወንበሩም ትራሱም ለእኔ ሆነ። ጸሎቱ እንዳበቃ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማኅበሩን የሚመራው ጎልማሳ ማለቴ ነው፣ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ ለልጆቹ ስለ ሥራ አመራረጥ አንድ ነገር ይንገሯቸው። እርስዎ የወደዱትን ሥራ ይዘው የኖሩ ሰው ነዎት» አለኝ። ይህ ሙሴ በአባቴ ጊዜ ሙሴ የነበሩት የአቶ ወልደየስ የልጅ ልጅ ነው። እሱ አያቱን አልደረሰባቸውም፤ እኔ ግን ደርሼባቸዋለሁ።

አባቴ አቶ በየነ ሐዲዱን ተከትለው ከደጋ ከወረዱት ሰዎች አንዱ ነበር። የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ሆኖ ብረት ሲመጣና ብረት ሲሄድ ሲያይ ይውላል። ጅቡቲ ለእሱ ጨውና አሸዋ ነበረች። በልቡ አገሩ የሚመለሰው በወር አንድ ቀን፣ በሚካኤል ማኅበር ላይ ብቻ ነው። ጌሾው ከድሬዳዋ በባቡር ይመጣል፤ ዳቦው ይቆረሳል፤ ጽዋው ከሽማግሌ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ያን ቀን አባቴ ዘበኛነቱ ይቀርና አቶ በየነ ይሆናል።

እኔ ደግሞ ቋንቋ ነበረኝ። ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት፣ ዐረብኛና ሶማልኛውን ከመንገድ ለቅሜዋለሁ። አባቴ የስንት ሰው ደጅ ጠንቶ ወደቡ ላይ ለአንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ አስተርጓሚ አድርጎ አስቀጠረኝ። ነጭ ኮት ለብሼ ስወጣ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ሰው ስለ ሙቀቱ እንኳ ቢያነሳበት፣ «አስተርጓሚው ልጄም ሞቀኝ ይላል» ማለት ይወድ ነበር። ምን ያድርግ፣ ዘበኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነው።

አሸዋ ያዘለው የበጋ ነፋስ ዓይን በማያስገልጥበት ወቅት አንድ ቀን፣ የአገሬ ሰው የሆነ ተሸካሚ እጁ ላይ ሣጥን ወደቀበት። ጣቶቹ እንዳልነበሩ ሆኑ። ፈረንጁ ቀና ብሎ አይቶት፣ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ ንገረው አለኝ። ነገርኩት። ሰውየው የተጎዳውን እጁን በነጠላው እንደጠቀለለ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን የመናውያን ትኩስ ቂጣ ላይ አድርገው የሚሸጡትን ጥብስ ዓሣ፣ ነፍሴ የምትወደውን ምግብ፣ ገዝቼ አልወርድልህ አለኝ። ያን ቃል ያወጣው ይኸው የምጎርስበት አፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ በባሕሩ ዳር እየሄድኩ ራሴን እጠይቅ ጀመር። የቱ ሥራ ያስከብረኛል ብዬ አልነበረም፤ ያንንማ ይዤዋለሁ። የቱን ሠርቼ ብውል እንጀራዬ ከጉሮሮዬ ይወርዳል ብዬ ነው። መልሱ ከመንገዴ ዳር ነበር። ሳሊም የሚባል የመናዊ ቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ለዐረብ ጀልባዎች መልሕቅ ይቀጠቅጣል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እግሬ ይቆማል። የጋለው ብረት እንደ ሊጥ ሲታዘዝ፣ ውሃ ሲነካው ሲጮህ፣ ከሰሉ ከባሕሩ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ማየት አይሰለቸኝም ነበር። አንድ ቀን ኮቴን አውልቄ ወናፉን ልንፋልህ አልኩት። ሳቀብኝና ቦታ ለቀቀልኝ። መዳፌ ተላጠ፤ እህሉ ግን ወረደልኝ። መዶሻ የሚመታው ብረት ነው፤ ሰው አይመታም።

የአገሬ ሰው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ያለ ቢላ አይቆርስም። ማረሻውንና ቢላውን የሠራለትን ሰው ግን ቀጥቃጭ ብሎ ይጸየፋል፤ ቡዳ ነው፣ ጅብ ሆኖ ያድራል ይላል። ይህን ወሬ ከስንቁ ጋር ጭኖ በባቡር እስከ ባሕር ዳር አምጥቶታል።

ወደቡን ለቅቄ ከሳሊም ጋር መዋሌን አባቴ ያወቀው ከጠቆረው እጄ ነው። ይዞ ገልብጦ አየው።

«ቀጥቃጭ ልትሆን ነው?»

«በእጄ ሠርቼ ልበላ ነው፣ አባባ።»

«እኔ ጅብ ትሆናለህ አልልህም» አለኝ። «የምጠጣው ግን ከሚሉት ጋር ነው።»

በተከታዩ ሚካኤል እንደ ወትሮው አብሬው ሄድኩ፤ የአባላቱ ልጆች እናስተናግድ ነበርና። ማሰሮውን ላነሳ ስል የቤቲቱ እመቤት ፈገግ ብላ ከእጄ ወሰደችብኝ። ደክሞህ ይሆናል አለችኝ። ከዚያ ጽዋው መዞር ጀመረ። አባቴ ጋ ሲደርስ ሁለት እጁን ዘረጋ። የዚያን ጊዜው ሙሴ አቶ ወልደየስ ጽዋውን ከፊቱ አንስተው ከእሱ ቀጥሎ ለተቀመጠው ሰው ሰጡ።

«አይቀየሙን፣ አቶ በየነ» አሉ። «ልጁ ከዚያ ሥራ እስኪወጣ ድረስ ነው።»

የአባቴ እጆች እንደተዘረጉ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ጋቢው ውስጥ ከተታቸው። ከማሳረጊያው ጸሎት በፊት መነሣት ነውር ስለሆነ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አየሁት። ወደ ቤት ስንመለስ ይጮህብኛል፣ ወይም ተው ብሎ ይለምነኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢለምነኝ እተወው ነበር ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም። «ነገ ሥራ አለህ፣ በጊዜ ተኛ» ብሎኝ ገባ።

ከዚያ በኋላ ማኅበር አልሄደም። በወር በወሩ፣ ሚካኤል ሲመጣ፣ ታጥቦ ነጭ ለብሶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ማኅበርተኞቹ ሞቅ ብሏቸው እየተሳሳቁ ሲመለሱ ሰላምታ ይለዋወጥና ይገባል። አንዱም ቀን በእኔ አላመካኘም። አቶ ወልደየስ ግን ለመደብራቸው የብረት በር ሲያስፈልጋቸው ወደ ሳሊም ዳስ ሰው ላኩ። በሩን ሠራሁት። በእኔ እጅ የተሠራውን በር በየቀኑ ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖሩ፤ ምንም አልሆኑም። አባቴ ሲሞት ደግሞ ከሁሉ በላይ ደረታቸውን የደቁት እሳቸው ነበሩ። ጽዋ የነፈጉትን ሰው እንባ ሰጡት።

እንግዲህ ለእነዚህ ልጆች ምን ልበላቸው? ልባችሁን ጠይቁ ልበል? እኔ ልቤን ጠይቄ እውነተኛ መልስ አግኝቻለሁ። እጄ ባይንቀጠቀጥ ዛሬም መዶሻ ይዤ እወጣ ነበር። ግን የመረጥኩት እኔ ሆኜ ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሰው ነው፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ሳያነሳብኝ ሄደ። ይህን ለወጣት እንዴት ይነግሩታል? ብቻ ሥራችሁን ውደዱ አልኳቸውና አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ሙሴው ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ፤ «ከአባታችን ይጀመር» አለ። ተቀበልኩት። ጌሾው ይሸታል፣ ያው የድሬዳዋው ጌሾ። ከንፈሬ ድረስ አስጠጋሁት፤ ያ ጋቢው ውስጥ የገባ የአባቴ እጅ ታየኝ። ሳልቀምስ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው አሳለፍኩት።

ሐኪም ከልክሏቸው ይሆናል ተባባሉ።