ጉም የዋጠው ካርታ

ሙሉነሽን ላስተዋውቃችሁ። ጊዮርጊስ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት፤ ማመልከቻ በሉት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በሉት፣ የዕድር ደንብ በሉት። መጀመሪያ በታይፕ፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር። እኔ ከሪማ ደግሞ እሷ የጻፈችውን እጠርዛለሁ። ባንኮኒው አንድ ነው፤ እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። እሷ ዝምተኛ፣ እኔ ለፍላፊ። አላህ ሲያጣምር እንዲህ ነው።

ሙሉነሽ ሥራ ላይ ስትሆን እዚህ የለችም። በተለይ ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ሦስቴ ብጠራት አትሰማኝም። «ሙሉ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ!» እላለሁ። «እ?» ትላለች። ታበሽቀኛለች፣ እውነቴን ነው።

ጋሽ ገብረትንሣኤ የመጡት እንዲህ ባለ ቀን ነው። ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ድራፍትማን፣ ማለትም ንድፍ ሣይ ናቸው። ውቤ በረሃ አካባቢ የነበረው ሰፈራቸው ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ከተበተነ ወዲህ ከልጃቸው ከዊንታ ጋር ከተማው ዳር ይኖራሉ። ዕድራቸው ግን አልፈረሰም፤ አሁንም በወር አንዴ ይሰበሰባል። ለዕድሩ መታሰቢያ መጽሔት የድሮውን ሰፈር ካርታ በእርሳስ ሠርተዋል፤ አርባ ሦስት ቤት፣ እያንዳንዱ ከነደጃፉ፣ ከነባለቤቱ ስም።

«ዓይኔን ግላኮማ ይዞታል» አሉን። «ሐኪሙ የሄደው ብርሃን አይመለስም ብሎኛል። ለዕድሩ ብቻ አይምሰላችሁ ልጆቼ። እኔም ጨርሶ ሳይጨልምብኝ፣ ሰፈሬን አንዴ ጥርት ብሎ እንዲታየኝ እፈልጋለሁ።»

ዊንታ ካርታውን በስልኳ አንስታ በቴሌግራም ላከችልን። እዚህ ሰፈር ሁሉም ነገር የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ሙሉነሽ ዶክመንቱ ውስጥ ለጠፈችው፤ ስክሪኑ ላይ አማረ። «ስክሪን ላይ ካማረ ወረቀት ላይም ያምራል» አለች፣ እንደ ሁልጊዜዋ። አተመች፣ ጠረዝኩ፣ ወሰዱ።

ጋሽ ገብረትንሣኤ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መጽሔቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው፣ «ሙሉዬ፣ ሰፈሬን ጉም ዋጠው» አሉ። እውነትም ስሞቹ ሁሉ ተድበስብሰው ግራጫ ነጠብጣብ ሆነዋል። ስብሰባው ላይ ቤቱን ያገኘ ሰው የለም። አንዲት እናት ጣታቸውን ገጹ ላይ ሲያንከራትቱ ቆይተው መጽሔቱን ከደኑት አሉን።

ሙሉነሽ አፈረች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲያ ስታፍር አይቻት አላውቅም። ለካ ፎቶው ሲላክ መጠኑ እንዲያንስ ተጨምቋል፤ ዶክመንቱ ሴቭ ሲደረግ ደግሞ እንደገና ተጨምቋል። ስክሪኑ ላይ አሳንሰን ስላየነው አልታወቀንም። ዋናውን ወረቀት ስካን አድርጋ ሞከረች፤ እርሳሱ ገርጥቶ፣ ወረቀቱ ተጨማዶ፣ እሱም እምቢ አለ።

ያን ቀን ከሰዓት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ዝናቡን ስታይ ቆየች። ከዚያ ድንገት፣ «ከሪዬ፣ ፊደል ለምን አይደበዝዝም?» አለችኝ።

«ምን?»

«የምጽፈው ፊደል። የፈለግሽውን ያህል ብታሳድጊው ጥርት እንዳለ ነው። ፎቶ ነጠብጣብ ነው፤ ፊደል ግን መስመር ነው። ካርታውንም እንደ ፊደል በመስመር ብሠራውስ?»

«አርባ ሦስት ቤት? አመመሽ እንዴ!»

ጋሽ ገብረትንሣኤ የገረጣውን እርሳስ በቃላቸው ሊያሟሉላት ዘጠኝ ቀን ተመላለሱ። አጠገቧ ይቀመጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ ሰፈራቸው ውስጥ መሄድ ይጀምራሉ። «ከአስፋልቱ ግቢ። በስተቀኝ የአቡበከር ሱቅ ነው። ደረጃው ሦስት ነው፣ ሁለተኛው ተሰብሯል። አሁን ዝቅ በይ፤ ቀስ ብለሽ፣ ያዳልጣል።» ሙሉነሽ መስመር በሚስለው ፕሮግራም ትከተላቸዋለች፤ ግድግዳ፣ በር፣ ስም። እኔም ሙጫው እጄ ላይ እስኪደርቅ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ቦኖው ጋ ሲደርሱ ውሃው ሲንዶቀዶቅ እሰማለሁ፤ የኛው ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ያልኖርኩበት ሰፈር ናፈቀኝ፣ ወላሂ።

አንድ ቤት ብቻ ይዘላሉ። «አርባ ሁለት ሆነ፤ አንዱስ ጋሼ?» ስትላቸው «እሱ መጨረሻ» ይላሉ።

በዘጠነኛው ቀን ነገሯት። የራሳቸው ቤት ነው። ባለቤታቸው እማማ ንግስቲ ያረፉት እዚያ ነው፣ ሰፈሩ ሊፈርስ አንድ ዓመት ሲቀረው። «ባለሁለት ተከፋች በር ነው» አሉ። «የኔን ስም እንዳትጽፊ። የሷን ጻፊ።»

ሙሉነሽ ሥዕሉን ኤስቪጂ በሚሉት ዓይነት አስቀምጣ ዶክመንቱ ውስጥ አስገባችው። ምንድን ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ መስመሩ መስመር እንደሆነ የሚቀርበት ነው አለችኝ። ለዊንታም ስትልክላት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከችላት። አሁን ልብ ስለገዛች መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አተመች። ክር የምታክለዋ መስመር እንኳ ቁልጭ ብላ ወጣች።

ጋሽ ገብረትንሣኤ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ አራቁ፤ መልሰው አስጠጉ። ለሌላው ሰው ጥርት ያለው ስም ለሳቸው ደቀቀባቸው። «ጥሩ ነው፣ ተባረኩ» አሉ፣ እንዳይከፋን። ዘገየን አልኩ በልቤ።

ሙሉነሽ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አዞረችና ካርታውን ማሳደግ ጀመረች። መንገዱ ሰፋ። የአቡበከር ሱቅ በጎን አለፈ፣ ቦኖው አለፈ። ፎቶ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ጉም ሆኖ ነበር። አሁንም አሳደገችው። የመጨረሻው በር ስክሪኑን ሞላው፤ ከበሩ በላይ «ንግስቲ» የሚለው ስም መዳፍ አክሎ ቁልጭ ብሎ ቆመ።

«ታየኝ» አሉ ጋሽ ገብረትንሣኤ።

ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን አነሱና፣ በጣታቸው አንጓ ስክሪኑን ቀስ አድርገው አንኳኩ።

«ቤቶች!»

ሙሉነሽ እያለቀሰች ነበር፤ መልስ ከሷ አይጠበቅም። ለፍላፊዋ እኔ ነኝ።

«ይግቡ ጋሼ» አልኳቸው። «ክፍት ነው።»