ሐሙስ ይመጣል

ሁለተኛ ድመት እናምጣ ወይስ ይቅር እያልኩ አንድ ወር ያህል አመነታሁ። በዚያ ክፉ ዘመን ስለ ድመት መጨነቄ ዛሬ ለሚሰማው ያስቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ከዚያ የከበደ ጉዳይ አልነበረኝም።

ጣልያን ዲላን ከያዘ ሦስተኛው ክረምት ነበር። ባለቤቴ በፊተኛው መንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ ጣልያን ሲገባ ከጓደኞቹ ጋር ጫካ ገባ። ለጠየቀኝ ሁሉ “አገር ቤት ሄዷል፣ ወላጆቹን ሊጦር” እል ነበር። አንዲት ልጅ አለችን፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እሷን ግን መዋሸት አልተቻለም። የሄደ ዕለት ጫማውን ያቀበለችው እሷ ናት።

እኔ ቡና ለቀማ ገባሁ። ከሸዋ የመጡ አንድ ሙስሊም ነጋዴ መጋዘን ነበራቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ተቀምጬ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው እለያለሁ። ነጋዴው ደግ ሰው ነበሩ፤ እግዚአብሔር ውለታቸውን ይክፈላቸው። ስለ ባለቤቴ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

በግንቦት አንድ ጨው ሻጭ መጋዘን ገብቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ቡናውን የሚያይ መስሎ ጎንበስ አለና የባለቤቴን ስም ጠራ።

“አብረን ነበርን” አለኝ። “ከቡሌ ማዶ ነው ያሳረፍነው። ቄስ ነበረን፣ ጸሎት ተደርጎለታል።”

“እግዜር ይስጥልኝ” አልኩት። እጄ መልቀሙን አላቆመም። ቢያቆም ሴቶቹ ያዩኝ ነበር።

መርዶ በእኛ ወግ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች በማለዳ ይመጣሉ፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ይለቀሳል፤ ቤቱ ቢያንስ ሦስት ቀን ሐዘን ይቀመጣል። እኔ ካለቀስኩ ግን የአርበኛ ሚስት እንደሆንኩ ይታወቃል። ከደጃችን ፊት ለፊት ደግሞ የባንዳ ቤት ነበር። ጥቁር አልለበስኩም። ማታ ወደ ቤቴ ሄጄ ራት ሠራሁ።

ለልጄም አልነገርኳት። ንዳድ ይዟት ሰንብቶ ትኩሳቱ ከለቀቃት ሳምንት አልሞላትም ነበር። አጥንቷ ወጥቷል፤ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። ትበርታና እነግራታለሁ አልኩ። ሰኔ አለፈ። ሐምሌ አለፈ።

በዚህ መሃል ነጋዴው መጋዘን ውስጥ ከተወለዱት ግልገል ድመቶች አንዱን ሰጡኝ። ወንድ ነው፤ ቀይ። እኔ ሥራ ስውል ልጄን ያጫውታታል ብዬ ነበር ያመጣሁት። ድመቱ ግን ልጄ ካጠገቡ ፈቀቅ ካለች ይጮሃል። እሷ ደግሞ ጩኸቱን አትችልም።

“ደጅ ውጪ፣ ፀሐይ ይንካሽ” እላታለሁ።

“እሱስ? ብቻውን ያለቅሳል።”

“ቤተ ክርስቲያን እንሂድ።”

“እሱን ለማን ትቼ?”

“ድመት እኮ ነው፣ ልጄ።”

“ድመትስ ቢሆን፣ ሰው ትቶት ሲሄድ አያውቅም?”

እንዲህ ሆኖ ልጄ ከቤት ሳትወጣ ክረምቱ ተጋመሰ። የአካሏ ትኩሳት ጠፍቷል፤ የመብላት ፍላጎቷ ግን አልተመለሰም።

ከጪጩ ቆጮ ተሸክመው ለገበያ የሚመጡ አንዲት ጌዴኦ እናት ነበሩ። ሁልጊዜ ደጃችን ላይ ሸክማቸውን አውርደው ያርፋሉ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። እኔን “አንተ ልጅ፣ ደህና አደርክ?” ይሉኛል። ስለ ልጄ “እሱ ዛሬ በላ?” ብለው ይጠይቃሉ።

“እማማ፣ እኔ እኮ ሴት ነኝ!” ትላቸዋለች ልጄ፣ አፏን በእጇ ይዛ እየሳቀች።

“አውቃለሁ። ቆንጆ ሴት ነው” ይሏታል።

ሁለተኛ ድመት የሚለውን ሐሳብ ያመጡት እሳቸው ናቸው። “ድመቱ ብቻውን ስለሆነ ነው የሚጮኸው” አሉኝ። “ሁለት ሲሆን እርስ በርሱ ይጫወታል፤ ልጁም ይወጣል። የእኔ ድመት ወልዷል፤ አንድ ቀርቷል፤ ውሰደው።”

እኔ ግን ወተቱን አሰብኩ። ለልጄ በቀን አንድ ስኒ ወተት ከጎረቤት አመጣ ነበር። የፍልሰታ ጾም ገብቶ እንኳ ስለ ሕመሟ እንድትጠጣ የነፍስ አባቴ ፈቅደውላታል። እሷ ግማሹን ለድመቱ ትሰጣለች። ሁለተኛ ከመጣ ያቺ ስኒ ለሦስት ልትካፈል ነው። ደግሞ ቢጣሉስ? ቢጠፋስ? ለዚህች ልጅ ሌላ የሚጠፋ ነገር ማምጣት ደግ ነው ወይ? በሌላ በኩል ቀዩ ድመት ጓደኛ ካገኘ ልጄ ደጅ ትወጣለች፤ ትበረታለች፤ ያን ጊዜ እነግራታለሁ።

እውነቱን ከተናገርኩ ሌላም ነገር ነበረበት። ድመቷን ሳላመጣ በቆየሁ ቁጥር ሳልነግራት የምቆይበት ምክንያት ነበረኝ።

ይህን የነፍስ አባቴ አወቁብኝ። መርዶዬን ከእሳቸው በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

“ንገሪያት” አሉኝ። “ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማ።”

“ትንሽ ትበርታ፣ አባቴ። ድመቱ ጓደኛ ያግኝና እሷም ትውጣ፤ ከዚያ።”

“ድመት ነው የምትጠብቂው?” አሉ።

አፈርኩ።

ሰኞ ዕለት ከሥራ በፊት የጪጩዋ እናት መጡ። ከቤታችን ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቆመን ተነጋገርን። ልጄ ውስጥ ነበረች። ግድግዳችን ጭቃው የረገፈ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል።

“እስቲ ትንሽ ላስብበት፣ እማማ” አልኳቸው።

“አታስብ” አሉኝ። “ሐሙስ ይመጣል። እኔ ራሴ አመጣዋለሁ። ከስቷል፣ ግን ደህና ነው። መጀመሪያ ሰው ይፈራል፤ ይደበቃል። ሦስት ቀን በር ዝጋ። ማንም አይየው። በር ከተከፈተ ተመልሶ ጫካ ይገባል።”

እሺም እምቢም ሳልላቸው ሸክማቸውን አንስተው ሄዱ። እኔ ወደ ቤት ስገባ ልጄ ቆማ አገኘኋት። ግድግዳ አልያዘችም። ፊቷ በርቷል።

“ሰማሽ እንዴ?” አልኳት።

“ሰማሁ።”

“ደስ አለሽ?”

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። “ለማንም አልናገርም” አለችኝ በሹክሹክታ። ጨዋታ መሰለኝና እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።

ያን ዕለት የቀረበላትን ሁሉ በላች። ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ የአባቷን ጋቢ አጥባ አጥር ላይ አስጥታ ነበር። ለድመት መኝታ ጋቢ ይበዛል ልላት ፈለግኩ፤ ግን በሁለት እግሯ ቆማ ልብስ ያጠበች ልጅ ምን ይባላል? ዝም አልኩ። ረቡዕ ሹሩባ ሥሪኝ አለችኝ። ወተቷን ስሰጣት አልጠጣችም።

“ለሐሙስ ይቀመጥ” አለች። “ደክሞት ነው የሚመጣው።”

ጸጉሯን እየሠራሁ ከጀርባዋ አለቀስኩ፤ የደስታ ነበር። አንዲት የድመት ግልገል እንዲህ ካደረገች ሁለት አይደለም አሥርም ይምጣ አልኩ። ውሳኔዬ ያኔ ተቆረጠ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአባቷን ነገር እነግራታለሁ ብዬም ለራሴ ቃል ገባሁ። ተመስገን አልኩ። ያመሰገንኩት ለማላውቀው ነገር ነበር።

ሐሙስ ነጋዴውን አስፈቅጄ ቤት ዋልኩ። ልጄ ቤቱን ጠርጋ፣ የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ፣ ደፉ ላይ ቆማለች። ካፊያ ነበር። የጪጩዋ እናት ክዳኑ በቃጫ የታሰረ ቅርጫት ይዘው በመንገዱ ብቅ አሉ።

“መጣ! መጣ!” አሉ ከሩቅ።

ልጄ ሮጠች። ከንዳዱ ወዲህ ስትሮጥ ሳያት ያ የመጀመሪያ ቀን ነው። እሳቸውን አልፋ ሄደች። መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ሄዳ ቆመች፤ ወደ ታች አየች፤ ወደ ላይ አየች። ተመልሳ መጣች።

“የት አለ?” አለቻቸው።

“ይኸው!” ቅርጫቱን አስቀምጠው ከፈቱት። ግራጫ ግልገል ድመት ብቅ አለች፤ ከሲታ፣ ጆሮዋ ብቻ ትልቅ።

“እሱ ብቻ ነው የመጣው?”

“ስንት ፈለግክ ታዲያ?” ብለው ሳቁ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። “እማዬ፣ አባዬስ?”

ሰኞ የሰማችው ሁሉ ያኔ ገባኝ። ከስቷል፣ ግን ደህና ነው። ሰው ይፈራል። ማንም አይየው። ተመልሶ ጫካ ይገባል። የሴትዮዋን አነጋገር እሷ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ ስትስቅበት ነው የከረመችው። ያን ቀን ግን የናፈቀችውን ሰማች።

ሴትዮዋም ገባቸው። ሳቃቸው ቆመ። በካፊያው መሬት ላይ ቁጭ አሉና አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። “አፌ ነው” አሉ። “ልጁን አፌ ጎዳው።”

ልጄን ይዤ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ጋቢው አልጋው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ወተቱ በስኒ ተከድኗል። እዚያው አጠገብ ነገርኳት። ለመርዶ የሚሆን ቃል ስፈልግ ሦስት ወር ከርሜ ሳበቃ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው፦

“አባትሽ አይመጣም። ዐርፏል። ከግንቦት ጀምሮ አውቃለሁ።”

“ከግንቦት?”

“አዎ።”

“ጋቢውን ሳሰጣ አይተሽኛል።”

“አይቻለሁ።”

“ዝም አልሽኝ።”

“ለድመቷ መስሎኝ ነው፣ ልጄ።”

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እንድትጮህም አልፈቀድኩላት፤ ማዶ ይሰማል። እናት ሆኜ ልጄ ላባቷ ስታለቅስ አፏን በጋቢ ያፈንኩት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሦስት ቀን በር ዘጋን። ለድመቷ የተባለው ሦስት ቀን ለእኛ ሐዘን መቀመጫ ሆነ። የጪጩዋ እናት ገበያቸውን ትተው ደጃችን ላይ ቃጫ እያፍተለተሉ ዋሉ፤ ማታ ሄደው ጠዋት ይመለሳሉ። ምን እንደሆንን አልነገርኳቸውም፤ አልጠየቁኝም። የመጀመሪያው ቀን የባንዳው ሚስት መጣች።

“ምን ተገኘና ነው በሩ ተዘግቶ የዋለው?” ስትል ከውስጥ ሰማናት።

“አዲስ ድመት አለ። ከተከፈተ ጫካ ይገባል” አሏት የጪጩዋ እናት።

“ለድመት! ጉድ እኮ ነው” ብላ እየሳቀች ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የነፍስ አባቴ መጡ። በለሆሳስ ጸሎት አደረሱ፤ መስቀል አሳለሙን። ሲወጡ ያችው ሴት ደጇ ላይ ነበረች።

“ቄሱም ድመት ሊያዩ ነው?” አለች።

“አዎ፣ ቆንጆ ነው” አሉ የጪጩዋ እናት፣ ቃጫቸውን ሳይለቁ።

ልጄ ሰማቻቸው። ከንፈሯ ጥቂት ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ነው ለማለት አልደፍርም።

ድመቶቹ በመጀመሪያው ቀን ተናከሱ። በሁለተኛው ግራጫዋ አልጋ ሥር ተደብቃ ዋለች፤ ቀዩ ከውጭ ሆኖ ጠበቃት። በሦስተኛው ያን ለእንግዳ የተቀመጠ ስኒ ልጄ መሬት ላይ አኖረችላቸው፤ ወተቱ ረግቶ ነበር። ጎን ለጎን ሆነው ላሱት።

“በሩን ልክፈተው?” አልኳት።

“ክፈቺው” አለች። ከዚያ ደግሞ፣ “እማዬ፣ ሌላ ጊዜ ቶሎ ንገሪኝ።”

“እሺ” አልኳት።

ጣልያን ወጣ። ልጄ አደገች፣ ተዳረችልኝ፣ የልጅ ልጅ አየሁ፤ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ለባለቤቴም በግልጽ ተዝካሩን አወጣሁለት። የጪጩዋ እናት ያን ቀን መጥተው “እግዜር ነፍሱን ይማረው” አሉ። እሳቸው ስለ ሰው ከተናገሩት ሁሉ የወንዱ አነጋገር በቦታው ሲገባ ትዝ የሚለኝ ያ ብቻ ነው።

ግራጫዋ ድመት ከእኛ ጋር ብዙ ዓመት ኖረች። ሦስት ጊዜ ወለደች። ማታ ማታ ከእንሰቱ ውስጥ ወጥታ ወደ ደፉ ስትመጣ ልጄ ቀና ብላ ታያታለች። አንድም ቀን “መጣች” ብላ አታውቅም። “መጣ” ነው የምትለው።